ስለ አእምሮና ስለ እርጅና፤ «ጃጁ» ከማለታችን በፊት

በአገራችን አንድ አዛውንት የተናገሩትን መልሰው ሲናገሩ፥ የልጅ ልጃቸውን በልጃቸው ስም ሲጠሩ፥ ወይም ጧት የተነገራቸውን ማታ ሲጠይቁ፥ ከቤተሰቡ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጃጅተዋል፤ ተዋቸው» ይላል። ነገሩም በዚሁ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ለምክር የሚጠራቸው፥ የበሬ ዋጋ የሚያማክራቸው፥ ተጣልተናልና አስታርቁን ብሎ ከፊታቸው የሚቆም ሰው አይኖርም። ቃሉ አጭር ቢሆንም ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ ሕመም ሊሆን የሚችለውን ነገር የዕድሜ ጠባይ አድርጎ ይዘጋዋል። ቀጥሎም ሰውየውን በሕይወት ሳሉ ከሰው ቁጥር ያወጣቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። የሰው አእምሮ በዕድሜ መድከሙ የማይቀር ዕዳ ነውን? ወይስ አእምሮን በሥራ ላይ ማቆየት ድካሙን ሊያዘገየው ይችላል? ጥያቄውን በመጻሕፍት ብቻ ሳንወሰን፥ ብዙዎቻችን ከምናውቀው ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ኑሮ ጋር እያነጻጸርን እንመለከተዋለን። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ሞላሌ፥ ወደ መሐል ሜዳ፥ ወደ ራቤልና ወደ ዓለም ከተማ የምንመለስ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም፤ ጉዳዩም በየቤታችን ምድጃ ዳር የተቀመጠ ነው።

እርጅና ሌላ፥ በሽታ ሌላ

እ.ኤ.አ. በ1901 አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት ሕመምተኛ መረመረ። ሴትዮዋ ገና የ51 ዓመት ሰው ነበረች፤ ሆኖም ስምሽን ጻፊ ስትባል ትጀምርና ከመካከሉ ይጠፋባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 በሞተች ጊዜ አንጐሏን በማይክሮስኮፕ ቢመለከተው፥ በሕዋሳቱ መካከል የረጋ ዝቃጭ፥ በሕዋሳቱም ውስጥ የተጠላለፈ ክር የመሰለ ነገር አገኘ። በሽታው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ የመርሳት በሽታ የሚባለው በአንጐል ላይ የሚታይ ጉዳት ያለው እውነተኛ ሕመም እንጂ ከሽበት ጋር አብሮ የሚመጣ ተራ ነገር አለመሆኑን ነው። ዕድሜ በሽታውን ያቀርበዋል፤ ግን ዕድሜና በሽታው አንድ አይደሉም። ከአልዛይመር በሽታ ቀጥሎ ዋነኛው ምክንያት የአንጐል የደም ሥሮች መጐዳት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከመቶ 60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ የባለጸጋ አገሮች ሕመም ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ታዲያ በሽታ ያልሆነው እርጅና ምን ይመስላል? ሬይመንድ ካተል የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ የማሰብን ኃይል በሁለት ከፍሎ አስረድቷል። አንደኛው አዲስ ነገርን ቶሎ የመረዳትና ፈጥኖ የማስላት ኃይል ነው። ሁለተኛው በኑሮና በትምህርት የተጠራቀመ ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ከጐልማሳነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን እስከ እርጅና ድረስ ይቆያል። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ዋርነር ሻይ የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ጀምረው በየ7 ዓመቱ እየተመለሱ ሰዎችን ሲፈትኑ፥ አብዛኛው ሰው ከ60 ዓመት በፊት ይህ ነው የሚባል ድካም እንደማይታይበት አረጋግጠዋል። እንግዲህ አዲስ የእጅ ስልክ ሲሰጣቸው ግራ የሚገባቸው ሽማግሌ፥ የድንበር ክርክር ሲሰሙ ግን የነገሩን ሥር ወዲያው የሚይዙ ከሆነ፥ አእምሯቸው እንደ ዕድሜው በደንብ ይሠራል ማለት ነው።

በጉን የገዛቸውን ሰው ስም ረስተው ማታ እራት ላይ ትዝ የሚላቸው አባት አርጅተዋል እንጂ አልታመሙም። ነገር ግን 50 ዓመት ከተመላለሱበት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ የጠፋባቸው፥ ወይም ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ሲጠምቁ ኖረው ከጌሾውና ከብቅሉ የትኛው እንደሚቀድም ግራ የገባቸው እናት፥ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሁለቱን በአንድ ቃል «ጃጁ» ብሎ ማጠቃለል የመጀመሪያውን ሰው መበደል፥ ሁለተኛውንም ያለ እርዳታ መተው ነው።

የአእምሮ ጎተራ

ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ ያስገረማቸው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ካትዝማንና ባልደረቦቻቸው የ137 አረጋውያንን አንጐል ከሞት በኋላ መርምረው ነበር። ከእነዚህ መካከል 10 ሰዎች አንጐላቸው የአልዛይመር ምልክት ሞልቶበት ሳለ፥ በሕይወት ዘመናቸው ግን እንደ ጤነኛ ያስቡና ይናገሩ እንደ ነበር ተገኘ። በሽታው ቤታቸው ገብቶ ሳለ አላንበረከካቸውም። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ፥ አንዳንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ያከማቸው የአእምሮ ስንቅ አለው የሚል ነው።

ነገሩን በጎተራ መስለን ብናየው ይቀላል። አመዳይ የመንዝን ገብስ በመታበት ዓመት ጉዳቱ ለሁሉም እኩል ነው። ጎተራው ሙሉ የነበረው ቤት ግን ክረምቱን ይዘልቃል፤ ጎተራው ባዶ የነበረው በጥቅምት ይራባል። ስንቁ አመዳዩን አልከለከለም፤ ረኃቡን አዘገየ እንጂ። የአእምሮም ስንቅ እንዲሁ ነው።

ጎተራው መሞላት የሚጀምረው በልጅነት ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የ678 መነኮሳትን ኑሮና ጤና መከታተል ጀምረው ነበር። መነኮሳቱ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ፥ በአንድ ዓይነት ቤት የሚኖሩ ስለ ነበሩ ለማነጻጸር አመቺ ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በ22 ዓመት ገደማ፥ ገዳም ሲገቡ፥ የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር። በዚያ ጽሑፍ ሐሳባቸው የበለጸገ የነበሩት ከ60 ዓመት ያህል በኋላ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ነገር ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ፥ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች መካከል የትምህርት ማነስን አንዱ አድርገው ቆጥረውታል። እንግዲህ ዛሬ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ ከብት እንድትጠብቅ ወይም እንድትዳር ሲደረግ፥ የሚቀርባት ሥራና ደመወዝ ብቻ አይደለም። በ70 ዓመቷ የምትመገበው ስንቅ ከጎተራው ሳይገባ ይቀራል።

ፊደል ያልቆጠረ አእምሮ ባዶ ነውን?

ይህን ስንል አንባቢ ወደ ሌላ ስሕተት እንዳይወድቅ እንሰጋለን። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው አእምሮውን አላሠራም ማለት አይደለም። የመንዝ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው።

መንዝ በሦስቱ አቅኚዎች፥ በማማ፥ በላሎና በጌራ ስም የተከፈለ አገር ነው። በዚያ አገር አጽመ ርስት ለመጠየቅ የሚነሣ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ድረስ መድረስ ነበረበት። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ መንዝ ሲጽፉ፥ የመንዜ ኑሮ ከርስት ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ነበር ገልጸዋል። ሙግቱ የሚረታው በማስታወስ ነበር። ማን ማንን ወለደ? ማን ያለ ልጅ ሞተ? የትኛው ማሳ ለየትኛዋ እኅት ደረሰ? ይህ ሁሉ በወረቀት ያልሰፈረ፥ በሽማግሌ ራስ ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ነበር። ሽማግሌው በተሳሳተ ጊዜ የሚያርመው ሌላ ሽማግሌ፥ የሚሟገተውም ባላጋራ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ሥራ ሰውን በ80 ዓመቱም ቢሆን አያስተኛውም።

የጓሳውም ሜዳ እንዲሁ ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንም ለከብት ግጦሽም የሚፈለግ በመሆኑ፥ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስን ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ ይነገራል። መቼ እንደ ተዘጋ፥ ማን የማጨድ መብት እንዳለው፥ ደንቡን የጣሰ ምን እንደሚደርስበት የሚያውቁትና የሚፈርዱት አባቶች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፥ የርስት ቆጠራውም የጓሳው የጥንት ሥርዓትም አብሮ ቀረ። ጓሳው ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ በኅብረተሰቡ ጥበቃ ሥር ውሏል። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ማምጣቱን ማንም አይክድም፤ እኛም የርስት ሙግት ይመለስ አንልም። ልናመለክት የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ሕግ ሲለወጥ፥ መዝገብ ሲጻፍ፥ ልጅ ሲማር፥ ቀድሞ በሽማግሌው አእምሮ ይሠራ የነበረው ሥራ ከእጁ ይወጣል። በምትኩ ምን ተሰጠው? ጥያቄው ይህ ነው።

ስለ ስሌትም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ የ2018ን ዓመት በዓላት ለማውጣት 5500 ይደምሩና 7518 ይላሉ። ለ4 ሲያካፍሉት 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲያካፍሉት 13 ይተርፋል፤ ከዚህ 1 ይቀንሱና ወንበሩ 12 ነው ይላሉ። 12 በ11 ተባዝቶ 132፥ ይህም በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። 12 በ19 ተባዝቶ 228፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ስሕተት አለበት። ይህን ያለ ወረቀት በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሽማግሌ አእምሯቸው ሥራ ፈቶ አያውቅም።

የመለኪያው ችግር

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የአእምሮ መፈተኛ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣና 30 ነጥብ ያለው ነው። ተፈታኙ ቀኑን፥ ወሩንና ወቅቱን እንዲናገር፥ ከ100 ላይ 7 እየቀነሰ እንዲሄድ፥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፥ የተጠላለፉ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችንም አይቶ እንዲሥል ይጠየቃል። በሕይወታቸው እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ የቀያ ገብርኤል እናት በዚህ ፈተና ቢወድቁ ምን ይደንቃል? እኚሁ እናት ግን ዛሬ ምን ቀን ነው ቢባሉ፥ ቁጥሩን ሳይጠሩ «ጊዮርጊስ ነው» ይላሉ። 23 ነው ማለታቸው ነው። ሚካኤል 12፥ ገብርኤል 19፥ መድኃኔ ዓለም 27 መሆኑን የማያውቅ ፈታኝ ቢሆን፥ ትክክለኛውን መልስ ስሕተት ብሎ ይመዘግባል። በጥበብ እየለዩ የበግ ጠጉር የሚፈትሉትን፥ ለአንድ ባና ስንት ልቃቂት እንደሚበቃ በዓይናቸው የሚመትሩትን ሴት ከምንም የማይቆጥር ሚዛን፥ ሚዛኑ ራሱ መመዘን አለበት።

ይህን ችግር የተረዱ አፍሪካውያንና ሌሎች ተመራማሪዎች መፍትሔ ፈልገዋል። በናይጄሪያ በኢባዳን ከተማ አብዛኛዎቹ ያልተማሩ የዮሩባ አረጋውያን፥ በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተነጻጽረው ነበር። የፈተናው ዓይነት ማንበብን አይጠይቅም፤ ከሽማግሌውም ሌላ የቅርብ ዘመዱ ስለ ዕለት ኑሮው ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ውጤት በዓመት አዲስ የመርሳት በሽታ የያዛቸው በኢባዳን ከመቶ 1.35፥ በኢንዲያናፖሊስ ግን ከመቶ 3.24 ሆኑ። በታንዛንያም፥ በኪሊማንጃሮ አውራጃ ሃይ በተባለ ወረዳ፥ በክብሪት እንጨት ቅርጽ መሥራትን፥ ድልድይ ምን እንደ ሆነ ማስረዳትን፥ የእንስሳት ስም መቁጠርን የሚጠይቅ አጭር ፈተና ተሠርቷል። ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የምንማረው፥ ያልተማረ ሰው ሁሉ ለመርሳት የተፈረደበት አለመሆኑን፥ መለኪያውም ከተመዛኙ ኑሮ መነሣት እንደሚገባው ነው።

አእምሮን ማሠራት መድኃኒት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ዮርክ ከ75 ዓመት በላይ ስለ ሆኑ 469 ሰዎች የወጣ ጥናት፥ የሚያነብቡ፥ የገበታ ጨዋታ የሚጫወቱ፥ ሙዚቃ የሚመቱና የሚጨፍሩ ከሌሎቹ ያነሰ በሽታ እንደ ደረሰባቸው አሳየ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሽታው ስሙ ከመታወቁ ከብዙ ዓመት በፊት ቀስ ብሎ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ጨዋታውን፥ ማኅበሩን፥ ሰንበቴውን በገዛ እጁ ይተዋል። ታዲያ የታመመው ማኅበሩን ስለ ተወ ነው ወይስ ማኅበሩን የተወው ስለ ታመመ? ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በአሜሪካ 2802 አረጋውያን በዕጣ ተከፋፍለው፥ አንዳንዶቹ ማስታወስን፥ አንዳንዶቹ ማገናዘብን፥ አንዳንዶቹ ፈጥኖ መለየትን ተለማመዱ። ከ10 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2014 በተገለጸው ውጤት፥ የማገናዘብና የፍጥነት ልምምድ ጥቅሙ አልጠፋም ነበር፤ የማስታወስ ልምምድ ግን ጥቅሙ አልቆየም። ሰውም የተሻለው በተለማመደው ነገር ነው። እንቆቅልሽ ሲፈታ የዋለ ሰው እንቆቅልሽ በመፍታት ይጐብዛል፤ ያ ብቻውን ከበሽታ ያድነዋል ማለት ግን ከማስረጃው ማለፍ ይሆናል።

በሌላ በኩል አእምሮ በጐልማሳነት አይለወጥም የሚሉት ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በብራዚልና በፖርቱጋል 63 ሰዎች ሲመረመሩ፥ ካደጉ በኋላ ማንበብ የተማሩት ሰዎች አንጐል ከፊደሉ የተነሣ ተለውጦ ተገኝቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያለ ፊደል የቆጠረው ጐልማሳ ሁሉ፥ ደብዳቤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን የገዛ አንጐሉን አዲስ መንገድ አስጠርጎ ነበር ማለት ነው።

ጆሮ፥ ዓይንና ደም

የላንሴቱ ዘገባ 14ቱ ምክንያቶች በሙሉ ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ ከመቶ 45 ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ይገምታል። ከነዚህ ውስጥ ለደጋው አገር የሚቀርቡትን ብቻ እንይ።

ጆሮ የከበደው ሰው ያልሰማውን ነገር ረሳ ይባላል። ካልሰማም ከወሬው ይወጣል፤ ከወሬው የወጣ አእምሮ ሥራ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆነ 977 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። የመስሚያ መሣሪያ ማግኘት በጠቅላላው ልዩነት ባያመጣም፥ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡትን ለብቻ ሲመለከቷቸው የአእምሯቸውን መድከም በ3 ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል አዘግይቶት ተገኝቷል። የዓይን ሞራም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ 3038 ሰዎች የወጣ ጥናት ሞራቸው በቀዶ ጥገና የተነሣላቸው ካልተነሣላቸው ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ነገር ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሳይታወቅ የሚኖር የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ በአረቄ መጠመድ፥ የራስ ላይ ምት፥ ብቸኝነትና የተበከለ አየርም በዝርዝሩ አሉ። እንጨት በሌለበት ደጋ፥ ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ቤት የሚነድደው የኩበት ጢስ የተበከለ አየር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በፊንላንድ ከ60 እስከ 77 ዓመት ከሆኑ 1260 ሰዎች መካከል የከፊሎቹ ለ2 ዓመት ምግባቸው፥ እንቅስቃሴያቸው፥ የአእምሮ ልምምዳቸውና የደም ግፊታቸው በአንድነት ሲጠበቅ፥ የማሰብ ኃይላቸው ካልተጠበቁት በልጦ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተገልጿል። ምሥጢሩ በአንድ መድኃኒት ሳይሆን በመደመሩ ላይ ነው።

ምን እናድርግ?

የሐኪሙን ሥራ ለሐኪሙ እንተወው። ተማሪ ሆነን ልናደርገው የምንችለው ግን አለ።

1ኛ፤ በዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ፥ ተዘነጉ የተባሉትን አዛውንት ጆሯቸው ይሰማ እንደሆነ፥ ዓይናቸው ያይ እንደሆነ አስቀድመን እንመርምር። ፊት ለፊት ተቀምጠን፥ በዝግታና በጥራት እንናገር። ከዚያም የደም ግፊታቸው እንዲለካ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው።

2ኛ፤ አእምሯቸውን የሚያሠራ እውነተኛ ሥራ እንስጣቸው። የዘር ሐረጋችንን እንዲነግሩን ጠይቀን እንጻፍ፤ ተሳስተን ብንጽፍ ያርሙናል። ባሕረ ሐሳብ ካወቁ ያስተምሩን። ስለ ዘርና ስለ ዝናብ የቤቱ ምክር ሲመከር አይለፏቸው። ለይምሰል የተሰጠ ሥራ ግን አይጠቅምም፤ ሽማግሌ ሲታለል ያውቃል።

3ኛ፤ የሕክምናና የሥነ ልቡና ተማሪዎች የሆንን፥ የውጭውን መፈተኛ ወደ አማርኛ ገልብጠን ከመሄድ ይልቅ በበዓላት አቆጣጠር፥ በከብት ስምና በእጅ ሥራ ላይ የተመሠረተ ለአገራችን አረጋዊ የሚስማማ መለኪያ ለመሥራት እንነሣ። ለመንዝና ለመርሐቤቴ ቅርብ የሆነው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ተገቢ ቦታ ነው።

4ኛ፤ እኅቶቻችን ከትምህርት ገበታ እንዳይነሡ በየቤታችን እንሟገት። የነገዋ አሮጊት የምትጠበቀው ዛሬ ነው።

በመጨረሻም፥ ሕመሙ በእውነት የደረሰባቸው አዛውንት አሉ። እነርሱ በምንም ምክር አይመለሱም፤ ሆኖም ድምፅ ይለያሉ፥ መናቅንም መከበርንም ያውቃሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው እንክብካቤና ትዕግሥት ነው፤ የሚያስታምሟቸውም፥ አብዛኛውን ጊዜ እናቶቻችንና እኅቶቻችን፥ ተራ የሚገባላቸው ሰው ያሻቸዋል። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፥ ከእኛ የሚፈለገው ጠጠሯ ናት።